ሦስት ምስክሮቼን ሰልፈኛ ላደረጉልኝ ክቡር ሊቀመንበር

ቡራዩ፣ ኅዳር 2009 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ፣ ከአንዱ ስብሰባ ወደ ሌላው ሲሉ ጫማቸውን ለጨረሱ የቀበሌያችን ሊቀመንበር፤

አካም ጅርቱ? ፈያ ጅርቱ? ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ወገብዎስ? ሰው ሲቀመጥ ውሎ ሲቀመጥ ካመሸ ወገቡን እንደሚያመው ስለማውቅ ከሁሉ አስቀድሜ ወገብዎን እጠይቃለሁ። እኔ፣ ከቢሮዎ ደጅ ካለችው አግዳሚ ጋር ቤተሰብ ከመሆኔ በቀር፣ ለክፉ የሚሰጥ ነገር የለብኝም።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ቦጂያ ቱፋ ነኝ፤ ከወፍጮ ቤቱ በላይ ያለሁት። «ቦጂያ ደግሞ መቼ መጻፍ ቻለ?» ብለው እንዳይደነግጡ፣ በማታው የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ከክፍሉ አንደኛ ወጥቼ ጨርሻለሁ። ባለቤቴ ሮዛ «አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ» እያለች በየሰፈሩ ታወራለች፤ አይስሟት። ዛሬ የመድኃኒት ብልቃጥ ይምጣ፣ የባንክ ማስታወቂያ ይምጣ፣ ቦጂያን የሚያስቆም ጽሑፍ የለም። ከሁሉ አብልጬ ያነበብኩት ግን በርዎ ላይ የተለጠፈችውን «ስብሰባ ላይ ነን» የምትለዋን ናት። አጭር ናት፣ ግልጽ ናት፣ ዝናብም አላጠፋት። እንደ እርሷ ደጋግሜ ያነበብኩት ስለሌለ ለንባቤ መፍጠን ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ጉዳዬን እርስዎ ያውቁታል፤ ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ግራ እንዳይጋባ ያህል ልናገረው። ልጄ ገለቴ የውኃ ምህንድስና እንድትማር ፖላንድ ከሚባል አገር ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝታለች። ፖላንድን ከክፍላችን ካርታ ላይ ፈልጎ ያገኘው ማን እንደሆነ አልናገርም፤ መምህራችን ግን ገና ጣታቸውን አፍሪካ ላይ እያንከራተቱ ነበር። ትምህርቱ የካቲት ላይ ይጀመራል፤ ፓስፖርቷ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ካልተላከላቸው ወንበሯ ተራ ለሚጠብቅ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

በእኛ በኩል ዝግጅቱ አልቋል። ብርዱን እንድትለምድ ብለን ሱሉልታ አክስቷ ዘንድ ልከናት፣ ውርጭ በረገጠው ሣር ላይ ወተት ስታመላልስ ሰንብታ «አባ፣ የፖላንድ ብርድ ከዚህ ከባሰ ሰዎቹ እንዴት ቆሙ?» ብላ ተመለሰች። ሻንጣዋን ወፍጮ ቤት ወስደን በእህል ሚዛን መዘንነው፤ ከተፈቀደው ሲያልፍ ሮዛ መጻሕፍቱን አውጥታ ሽሮውንና በርበሬውን እዚያው ተወች። «መጽሐፍ እዚያም አለ» አለች። በዚህ በዚህ አንደኛ ብትወጣም አይገርመኝም።

የቀረው የልደት ማስረጃ ብቻ ነው። ያለ ልደት ማስረጃ ፓስፖርት የለም፤ ያለ እርስዎ ማኅተም ደግሞ የልደት ማስረጃ የለም። ስለዚህ ቅሬታዎቼን፣ ቅሬታ ማለት ነውር ከሆነም ውለታዎችዎን፣ እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ልጅቷ መወለዷን የሚያረጋግጡ፣ ስትወለድ በአካባቢው የነበሩ ሦስት ምስክሮች በአንድነት ቀርበው ይማሉ ተባልኩ። ጥንቃቄዎን አደንቃለሁ። ገለቴ ቁመቷ ከእኔ በልጦ፣ ጠረጴዛው ፊት ቆማ፣ «ደህና አደራችሁ» ብላ ሰላምታ ሰጥታ ሳለ መወለዷን መጠራጠር ለቸኮለ ሰው የሚሳካ ሥራ አይደለም።

2ኛ. ምስክር በእኛ ሰፈር ሞልቶ ነበር። ችግሩ፣ ሰፈራችን በልማት ተለክቶ፣ ችካል ተተክሎበት፣ ቆርቆሮ ታጥሮበት፣ የሚያውቀን ሰው ሁሉ ወደየአቅጣጫው መሄዱ ነው። በእርግጥ ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ብለው ራስዎ ሰብስበው ነግረውናል፤ እኛም አጨብጭበናል። ፕላኑ ቀረ፣ ችካሉ ቀረ፣ አጥሩ ቀረ፤ የሄዱት ጎረቤቶቻችን ብቻ ሄደው ቀሩ። ስለዚህ ምስክር ፍለጋ አገር ዞርኩ። ገለቴ ስትወለድ ጎረቤቴ የነበሩትን ኦቦ ጃለታን መናገሻ ልጃቸው ማሳ ላይ አገኘኋቸው። በእጃቸው ያዋለዷትን ወይዘሮ ራቢአን ደግሞ ገላን ከተማ ከአንድ መጋዘን ጀርባ፣ የከባድ መኪና ሾፌሮችን ቁርስ ሲያበሉ አገኘኋቸው። ያን ዓመት ከወላይታ መጥቶ ጓዳዬን ተከራይቶ የነበረው ግንበኛው ታመነ ብቻ ነው እዚሁ የተረፈው፤ እሱም ቤቱ ከቸርቹ ግቢ ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም። እርስዎ ባይበትኗቸው ኖሮ ይህን ሁሉ አገር መቼ አየው ነበር? ስለ ጉብኝቱ አመሰግናለሁ።

3ኛ. የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ወይዘሮ ራቢአ ከገላን ሲነሱ መንገዱ በድንጋይና በጎማ ተዘግቶ፣ ታክሲ ቆሞ፣ ያንን የሚያማቸውን ጉልበት ይዘው በእግራቸው አልፈው ሌላ መኪና ይዘው ደረሱ። ኦቦ ጃለታ በእህል ጫኝ መኪና መጡ። ታመነ የሥራ ቀኑን ትቶ፣ የመዘምራን ኮቱን ለብሶ መጣ። ገለቴን ጨምረን አምስት ሆነን በርዎ ላይ እንደቆምን ጥበቃው ዳዊት እየሮጠ መጣና «ኦቦ ቦጂያ፣ በናትህ ተበተኑ! በአዋጁ ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ክልክል ነው፤ እኔን ነው የምታስበላኝ» አለኝ። ዳዊት ምስኪን ነው፤ ትእዛዙን ያወጣው እሱ አይደለም።

«ምስክር ነን እኮ» ብለው ወይዘሮ ራቢአ ቢነግሩት፣ «ማዘር፣ ሰልፈኛም ሲጠየቅ እንደዚያው ነው የሚለው» አላቸው። ኦቦ ጃለታ ዘንጋቸውን ወደ ላይ አንሥተው «እኔን ነው ሰልፈኛ የምትለው? እኔ መሰለፍ ብችል ኖሮ ዘንግ ምን ያደርግልኛል?» ሲሉት፣ «አባቴ፣ ዘንጉን ዝቅ ያድርጉት፣ ከሩቅ ሌላ ይመስላል» ብሎ ለመናቸው።

ዳዊት እንዳንታሰር ብሎ መላ አመጣ። አንዱ በር ላይ፣ አንዱ ሻይ ቤት፣ አንዷ ከዛፉ ሥር ተራርቀው ቆሙ። በተራ በተራ ሲገቡ ግን ጸሐፊዎ «ምስክሮች በአንድነት ካልቀረቡ አላስምልም፤ ደንብ ነው» አለች። በአንድነት ሲቀርቡ ዳዊት በተናቸው። ሲበተኑ ጸሐፊዋ መለሰቻቸው። እንዲህ ስንገባና ስንወጣ የምሳ ሰዓት ደረሰ፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ እርስዎ ስብሰባ ገቡ። በዚህ ቀበሌ ሳይበተን የሚሰበሰብ ሰው እርስዎ ብቻ መሆንዎን ያን ቀን አስተዋልኩ፤ ፈቃዱን ከየት እንደሚያወጡት ቢነግሩኝ እኔም እሄድበታለሁ።

4ኛ. እንግዲህ ሕግ አክባሪ ነኝና «ሦስት ምስክሮች እንዲሰበሰቡልኝ ፈቃድ ይሰጠኝ» ብዬ በገዛ እጄ፣ በጥሩ ጽሕፈት፣ ማመልከቻ አስገባሁ። መልሱ ፈጣን ነበር። የመሰብሰብ ፈቃድ የሚሰጠው ሦስት የኮሚቴ አባላት ተሰብስበው ሲፈርሙ ነው፤ ኮሚቴው ደግሞ በወቅቱ ሁኔታ ምክንያት መሰብሰብ አልቻለም። ይህን ሳነብ ሳቄ አላቆም ብሎኝ ሮዛ ጠበል ልትረጨኝ ነበር።

5ኛ. አምስተኛው ቅሬታ አይደለም። ገለቴ ለጉዞው የተገዛላትን ካፖርት ትናንት አጣጥፋ ከሳጥኑ ሥር ስትከተው አየኋት። «ምነው?» ስላት «አቧራ እንዳይነካው ነው፣ አባ» አለችኝ። እኔ ቀልደኛ ሰው ነኝ፤ በዚያ ካፖርት ግን አልቀልድም። ስለዚህም ነው ብዕር ያነሣሁት።

ክቡርነትዎ፣ በተበተንንበት በዚያ ቀን አመሻሹ ላይ ምስክሮቼን እቤቴ አስገብቼ ሻይ ጠጣን፤ ይህም ስብሰባ ከሆነ ይቅርታ። ታመነ «በዚህ አገር ያለ ፈቃድ ሰው የሚሰበሰበው ለቅሶ ላይ ብቻ ነው» አለ። ኦቦ ጃለታ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ። «በቃ እኔ ልሙትላችሁ! ድንኳን ጣሉ፤ እኔ ጓዳ ተኝቼ ቃሌን እሰጣለሁ» አሉ። ወይዘሮ ራቢአ «አስተግፊሩላህ! አፍዎን ይያዙ፣ ሟርት ነው!» ብለው ጮሁ። ታመነም «ኦቦ፣ የሞተ ሰው ምስክርነት አይያዝም» ቢላቸው፣ «በሕይወት ያለሁትስ መቼ ተያዘልኝ?» ብለው ሻያቸውን ጨለጡ።

እኔ ግን ሽማግሌ ገድዬ ልጅ አልልክም። ሳስበው ካደርኩ በኋላ ያገኘሁት መላ የሚከተለው ነው። ፖላንድ ያለው የገለቴ ወንበር ታሟል፤ ሕመሙም ጽኑ ነው። እስከ መጪው ቅዳሜ ጠዋት ማኅተም ካልተደረገለት የማይተርፍ ስለሆነ እንደ ሞተ እንቆጥረዋለን፤ የእድራችን ጥሩምባ ነፊም በየሰፈሩ ዞሮ ያረዳል። ለእድሩ ዳኛ ነግሬአቸው መዝገቡን አይተው «ደንቡ ሟች ሰው ይሁን አይልም» ብለው ፈቅደዋል።

ድንኳኑ የት እንደሚተከል ተከራክረን ነበር። ሮዛ ግቢያችን ይተከል አለች። እኛው ዘንድ ያደሩት ወይዘሮ ራቢአ ግን፣ የሐዘን ነገር ስለሚያውቁ፣ «ለቅሶ የሚደረሰው ሟች በሞተበት ቤት ነው» ብለው ፈረዱ። ወንበሩ የሞተው እኔ ቤት አይደለም፤ እርስዎ ቢሮ ነው። ስለዚህ ድንኳኑ ከቢሮዎ በር ላይ ይተከላል፤ አግዳሚዎቹም ይደረደራሉ። ቤተ ሐዘኑ የእርስዎ ስለሆነ ቤተ ዘመዱም እርስዎ ነዎት፤ ነጠላዎን አዘቅዝቀው ከፊት ይቀመጣሉ። የእድሩ አባል ሁሉ፣ ከወፍጮ ቤቱ ባለቤት እስከ ጡብ ተሸካሚው፣ በተራ እየመጣ «እግዜር ያጥናዎ» ይልዎታል። ለቅሶ ተበተኑ አይባልምና ዳዊትም አይቸገርም፤ እሱም አባል ነው፣ ከቀረ ይቀጣል።

ሦስቱ ምስክሮቼ ከፊት ረድፍ፣ ጎን ለጎን፣ በአንድነት ተቀምጠው ያገኟቸዋል። ጸሐፊዎን ይዘው ይምጡ፤ እዚያው ታስምልልናለች። ማኅተምዎን ከደረት ኪስዎ አውጥተው አንድ ጊዜ ቢያሳርፏት ሟች ብድግ ይላል፣ ድንኳኑ ይነቀላል፣ ለቅሶውም ወደ እልልታ ይዞራል። ካላሳረፏት ግን በእኛ ደንብ ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም፤ ሌት ተቀን አብረንዎት ተቀምጠን እናጽናናዎታለን። ስብሰባ አለኝ የሚሉን ከሆነም ችግር የለም፤ ስብሰባው ደጅዎ ድረስ መጥቶልዎታል።

የተከበረ ጊዜዎን ስለወሰድኩ፣ ለወገብዎ ምሕረትን፣ ለማኅተምዎ ቀለምን፣ ለቢሮዎ በር የሚከፍት እጅን እየተመኘሁ፣ ከነቤተሰቤ፣ ከነምስክሮቼና ከነድንኳኔ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ ታዛዥ ነዋሪዎ፣

ቦጂያ ቱፋ
(ፊርማው የራሴ ነው፤ የጣት አሻራ አይደለም)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለገለቴ ሽኝት አንድ ሙክት ገዝቼ ግቢዬ ውስጥ እየቀለብኩ ነው፤ ጎረቤቱም ተጠርቷል። የተጠራ እንግዳ አይመለስም፣ የተገዛ ሙክትም አይሸጥም። ልጅቷ ከሄደች የሚሸኘው እርሷን ነው። ከቀረች ግን ሰዉ ከዚህ ቀበሌ ማንን ቢሸኝ ደስ እንደሚለው ጠይቄ ነበር፤ ሁሉም የጠራው አንድ ሰው ስለሆነ በዚያ ቀን ሌላ ስብሰባ እንዳይዙ።