ከአንጀት የተወለደ ግስ

ለምወድሽ እኅቴ ለጸሎት፣ አቴና።

እንዴት ሰነበትሽ እታለም? ወገብሽን ተሻለሽ? የምታስታምሚያቸው አሮጊትስ በረቱ? ብርዱን ለመድሽው ወይስ ጨከነብሽ? እኛ በሕይወት አለን፤ ደኅና ነን ብዬ ግን አልዋሽሽም። ስለ አባታችን ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደወልሁ፤ ድምፅሽን ስሰማ ወሬውን ወደ ዝናብና ወደ እህል እያዞርሁ ዘጋሁት። አሁን በጽሑፍ ይሁን አልሁ።

አምና ለማስተምራቸው ዲያቆናት ብዬ ስለ አንድ የግሪክ ግስ ጠይቄሽ ነበር። ወንጌል ጌታ ለናይን መበለት «አዘነላት» በሚልበት ቦታ ግሪኩ «ስፕላንኽኒዞማይ» የሚለውን ግስ ይጠቀማል። የተወለደውም «ስፕላንኽና» ከሚለው ስም ነው፤ ልብ፣ ጉበት፣ ኩላሊት፣ የሆድ ዕቃ ሁሉ ማለት ነው። ጥንት ግሪኮች መሥዋዕት ሲሠዉ አስቀድመው የሚቀምሱት ይህንኑ ነበር። አንቺም አሮጊቷ ልጃቸውን «ስፕላኽኖ ሙ»፣ አንጀቴ፣ እያሉ እንደሚጠሩት ነገርሽኝ። ለአባታችን ባጫውታቸው ሳቁ። «ምኑ ይገርማል? እኛስ አንጀቴን በላው እንል የለ! ማዘንማ ከላይ ከላይ ነው» አሉኝ።

በኅዳር ሚካኤል ማግሥት ጧት ከኮሶዬ፣ ከነእናታችን ቤት፣ ወደ ጎንደር ስመለስ አባታችን ጥምጥማቸውን ጠምጥመው እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ። ቦዩ ውስጥ አንድ ጎልማሳ ጭኑን በጥይት ተመትቶ ወድቋል። ሰው ሁሉ ፊቱን እያዞረ ያልፋል። ጎረቤታችን አያ አላምረው አህያውን እየነዳ «አትዩት፤ ያየ ይጠየቃል» ብሎን አለፈ። እኔም ጋቢያቸውን ይዤ «ምነው አባባ፣ እንለፍ እንጂ» አልኋቸው። «አንጀቴ እንቢ አለኝ» አሉና ጋቢውን ከእጄ አስለቅቀው ወደ ቦዩ ወረዱ። ከጋቢያቸው ጫፍ ቀድደው የሰውየውን ጭን ሲያስሩ ማኪና መጣ። ተሳፈርሁ።

እናታችን እንደነገረችኝ፣ ሰውየውን በአህያ ጭነው ቤት አስገቡት። በሦስተኛው ቀን የታጠቁ ሰዎች መጡ። የማን ወገን እንደሆኑ አላወቀችም። «የምንጠይቃቸው ነገር አለ፤ ነገ ይመለሳሉ» ብለው ቁስለኛውንም አባታችንንም ወሰዱ። እናታችንን ወደ እኔ አመጣኋትና ፍለጋ ጀመርሁ። ያልጠየቅሁት በር የለም፤ ሁሉም «እኛ ዘንድ የሉም» ነው መልሱ።

በገና ሰሞን ከአዲ አርቃይ የመጣ ነጋዴ «ጥምጥም ያላቸው ሽማግሌ መንገድ ዳር ወድቀው አግኝተን ቀበርን» አለኝ። የግራ እጃቸው ትንሿ ጣት ቆልማማ ነበረች ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ነበረች አለኝ። ይህን ለእናታችን አልነገርሁም። ከአንቺ በቀር የሰማ የለም።

ባለፈው ሰኞ ዲያቆን አምሐ ያንን ግስ አስረዳን አለኝ። ሥሩን ነገርሁት። በወንጌል ስለ ጌታ፣ ጌታም እንደ ደጉ ሳምራዊ በምሳሌ ስላነሣቸው ሰዎች ብቻ እንደተነገረ አስረዳሁት። ከዚያ በኋላ ክፍሉን ለቅቄ ወጣሁ። ማጽናኛ አትላኪልኝ እታለም። ያ ማኪና ዛሬም ቢመጣ የምሳፈር ይመስለኛል።

ባለቤቴ ሰርካለም ትናፍቅሻለች። ልጃችን ቃልኪዳን ጥርሴ መውለቁን ንገርልኝ ብላለች። አሮጊቷን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። እናታችን ትርንጎ በሰላም ያገናኘን ትልሻለች፤ ደግሞም «አባትሽ ሲመለሱ በእጃቸው ይጽፉልሻል በላት» ብላኛለች። እንዳለችኝ ጻፍሁልሽ።

ወንድምሽ ዕንባቆም
ጎንደር፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.