ውሃ የተነፈገው ጣት

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤

ልጅህ የሠራሁትን ጣት ወስዶ የእኔ ነው አለ። ይህን ካልኩ በኋላ ሰላምታዬን ላድርስ። እንዴት ከረምክ? ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህን ያ ሳል ለቀቃት ወይ? እኔ ከንዴቱ በቀር ደህና ነኝ፤ ዓይኔም ገና የመርፌ ቀዳዳ ያያል።

«ልጅ ነው፣ ይቅር በለው» ብለህ ጽፈሃል። እንግዲያው ስማ። ከሱቄ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ የጨርቅ መቁረጫ ማሽን አውራ ጣቷን ከወሰደባት ወዲህ ጨርቅ መቆንጠጥ አቅቷት ደንበኞቿን ወደ ሌላ ሰፊ ትሸኝ ነበር። ሁለት ዓመት የደከምኩት ለእሷ ነው። ጣቱ ውስጥ ያለው ስስ ፕላስቲክ ነው፤ ሁለቱንም ፊቱን አንጥረኛው ጓደኛዬ ወርቅ ለበጠልኝ። ከባትሪ ድንጋይ ትንሽ ኤሌክትሪክ ስትሰጠው እንደ ሕያው ነገር ይጎብጣል። አንተ ስታጎብጠው ደግሞ እሱ ራሱ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይሰጥሃል። ስለዚህ አንዱን ቁራጭ ጡንቻ አደረግኩት፤ ሌላው ጨርቅ ሲነካ ክንዷ ላይ ያሰርኩላትን ነገር እንደ ስልክ ያነዝረዋል። ድንጋይ አያነሳም። ሐር ይዞ ለመርፌ ማቅረብ ግን አያቅተውም።

ልጅህ ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ላሳየው፣ ለአንድ ቀን አውሰኝ አለ። የወንድሜ ልጅ ነው ብዬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠሁት። እንዳይደርቅ ሦስት ጊዜ ነገርኩት፤ ፕላስቲኩ የሚጎብጠው በጠጣው ውሃ ነውና። ራዲዮ ጠጋኝ መሐንዲስ ያስተምር ጀመር ብሎ ሳቀ።

በማግስቱ ጣቱን ልንወስድ ልብስ ሰፊዋን ይዤ የመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ስገባ ጣቱ በመስታወት ሳጥን ውስጥ፣ ከሚያቃጥል መብራት ሥር ተቀምጧል። እርጥቡ ጨርቅ የለም። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው የልጅህ ስም ብቻ ነው። ጠዋት ሲጎብጥ «የፈጠርኩት እኔ ነኝ» ብሎ ተጨብጭቦለታል አሉ። አለቃው ድገምልን ሲለው ግን ማብሪያውን ቢጫን ቢጫን ጣቱ ድርቅ አለ። ይሄኔ ልጅህ ዞር ዞር አለና በእጁ ጠቆመኝ፤ «የሠራው ያ ሽማግሌ ነው። እኔ ድሮም አላመንኩትም።»

ሲሠራ የእሱ፣ ሲሞት የእኔ! የሰው ወርቅ አያደምቅም ያሉት እንዲህ ያለውን ነው። አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። ልብስ ሰፊዋ ግን ሳጥኑን ከፍታ ጣቱን አወጣች፣ ከቦርሳዋ ኮዳዋን አንስታ ውሃው ውስጥ ነከረችው። «ይሄ የእኔ ጣት ነው» አለች፤ ማንም አልከለከላትም።

ሲጠጣ አድሮ ነፍስ ዘራ። ትናንት የመጀመሪያውን የሱሪ ጠርዝ ጨርሳ አሳየችኝ፤ ስፌቱ አንድም ቦታ አልተጣመመም።

ባለቤትህን፣ አማትህን፣ ሁለቱን ሴቶች ልጆችህን ሳምልኝ። ለወንዱ ሰላምታ የለኝም። ብቻ እንዲህ በለው፤ ሌላ ቢሠራ ውሃ አይንፈገው። ስለዚህ ነገር ከእንግዲህ አልናገርም። ብትጽፍልኝም የምመልስልህ ስለ ወገብህ ብቻ ነው።

ታላቅ ወንድምህ
ከሱቄ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ግንቦት ፯