በሚስት ወረቀት ጤነኛ

ንያሎራ ጠረፍ፣ ሆማ ቤይ
ኦገስት 18 ቀን 2019

ይድረስ ለፔኒና፣ ለኡዮማ ልጅ፦

ሰላምታዬ ከሐይቁ ተነሥቶ እስከ ሞምባሳ ይድረስሽ። ደብዳቤ «እኔ ደህና ነኝ» ተብሎ እንደሚጀመር አውቃለሁ፤ ነገር ግን የምጽፍልሽ ስለዚያው ስለሆነ በአንድ መስመር አልገላገለውም። ስልኬን ካላነሣሽ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። አልከስሽም። የዶሪንን ስልክ ግን ታነሺያለሽ። እሷም ለወጣቶች ሥልጠና ዐሥር ቀን እዚያ ስለምትቀመጥ ይህን በእጇ ልኬዋለሁ። ፖስታውን በሙጫ አሽጌዋለሁ። ልጅሽ ነገረኛ ብትሆንም የሰው ደብዳቤ አትከፍትም።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ቀይዋ ፍየል መንታ ወለደች። ኬሌብ ትከሻዬን አልፏል፤ ሱሪው ሁሉ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አልደርስ ብሎ ያስቸግረናል። የማድ ቤትሽን የሚያፈስ ቆርቆሮ አንሥቼ በአዲስ ቀይሬዋለሁ። ምን ታየህ እንዳትይኝ፤ ዶሪን እዚያ ስለምታበስል ነው።

እንግዲህ ወደ ዶሪን ልምጣ። ከጤና ጣቢያው ጋር የሚሠራው የወጣቶች ቡድን መሪ መሆኗን ነግራሻለች ብዬ እገምታለሁ። እንዴት እንደሆነች ግን አልነገረችሽም፤ ስለ ራሷ ማውራት አትወድም፣ በዚህ እኔን አልመሰለችም። በጁላይ መጀመሪያ የጤና ቢሮ ሰዎች ለኤች አይ ቪ ምርመራ ድንኳን ጭነው መጡ። ጨለማ ሳምንት ነበር። ኦሜና የምንለው ትንሹ ዓሣ መብራት ሲያይ ስለሚሰበሰብ፣ ጨረቃ በሌለችበት ሰሞን የጠረፋችን ወንድ ሁሉ ሐይቅ ላይ አድሮ ጠዋት እንደ ሬሳ ይተኛል። ሰዎቹ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ተቀምጠው ሁለት ሰው መረመሩ። አንዱ ፓስተሩ ነው፤ ሌላው መንገድ ሊጠይቅ ገብቶ የያዙት መንገደኛ ነው።

ድንኳኑን ሲያፈርሱ ዶሪን ሄዳ አለቃቸው ፊት ቆመች። «እናንተ የቢሮውን ቀን መቁጠሪያ አይታችሁ ትመጣላችሁ» አለችው። «እዚህ የሚታየው ጨረቃ ነው። ሙሉ ስትሆን ማንም አያጠምድም፤ ያኔ ኑ። ድንኳኑንም ተዉት። ድንኳን ውስጥ የገባ ሰው ማን እንደሆነ በጫማው ይታወቃል።» ሰውየው ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። እኔ ራቅ ብዬ ቆሜ እየሰማሁ ደረቴ ተነፋ።

በሙሉ ጨረቃ ሳምንት ተመልሰው መጡ። የመረብ ማከማቻውን ቁልፍ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። በመንገድ በኩል በአንዱ በር ተገብቶ፣ በሐይቁ በኩል በሌላው ስለሚወጣ ለነሱ ሥራ ተመቸ። ወጣቶቹ ኳስ ጨዋታ አዘጋጁ፤ ሰዉ ከየሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ጨዋታው ሳይጀመር የጠረፉ ሊቀመንበር ንግግር ያድርግ ተባለ። መቼም ድምፅ ማጉያ ሲሰጡኝ እንዴት እንደምሆን ታውቂኛለሽ።

«ተመርመሩ» አልኩ። «ወንድ ልጅ አይፈራም» አልኩ። ከዚያ ከደረት ኪሴ ወረቀቴን አወጣሁ።

ወረቀቴ ስልሽ ያንቺ ነው። ኬሌብን አርግዘሽ ጤና ጣቢያ ስትመረመሪ የሰጡሽ፣ ነጻ መሆንሽን የሚናገረው። ጠፋብኝ ብለሽ ሣጥንሽን ስታገላብጪ እኔ ኪስ ውስጥ ነበር። ከተማ ወስጄ ፕላስቲክ አስለብሼዋለሁ። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ የጤና ሰው በመጣ ቁጥር ስምሽን በአውራ ጣቴ ሸፍኜ አሳያለሁ። «ሚስቴ ነጻ ናት፤ እኔ ከማን አመጣዋለሁ?» እላለሁ። ከማን እንደማመጣው አንቺም እኔም እናውቅ ነበር። ከዓሣ ነጋዴዋ ጋር የነበረኝን ነገር ጠረፉ ሁሉ ያውቀው ነበር።

ያን ቀንም ይህንኑ ብዬ ወረቀቱን ከፍ አድርጌ ለሕዝብ አሳየሁ። ዶሪን አጠገቤ ቆማለች። ሴት ልጅ እንዲህ ያለ ነገር አባቷ ፊት እንደማታነሣ አንቺው ነሽ ያስተማርሻት። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ አባባ ማለቷን ትታ፣

«ሊቀመንበር፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ?» አለችኝ።

«ጠይቂ።»

«ባለፈው ወር ኦልዋንዴ በወንድሙ ጀልባ ፈቃድ ሲያጠምድ እርስዎ አግኝተው መረቡን ወሰዱበት። ያኔ ምን አሉት?»

እኔ ሞኙ ሥራዬን ለሰው ልታስመሰክርልኝ መሰለኝ። «በአንድ ፈቃድ ሁለት ጀልባ አይወጣም አልኩት» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

«የአንድ አባት ልጆች ቢሆኑም?»

«መንታ ቢሆኑም። አንድ ቤት አድረው በአንድ ሣህን ቢበሉም። ጀልባ ሁሉ በራሱ ቁጥር ነው የሚታወቀው።»

«አመሰግናለሁ» አለች። «ታዲያ አሁን የያዙት ፈቃድ የየትኛው ጀልባ ነው?»

መጀመሪያ የሳቀው ኦልዋንዴ ነው። «ሊቀመንበር፣ እንግዲህ መረብዎን ያስረክቡ» አለ። ከዓሣ ሻጮቹ መካከል አንዲት አሮጊት «ሚስቱ ስትበላ እሱ ያገሣል ማለት ነው» አለች። ከዚያ በኋላ የሳቁ መዓት። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይሉት ነገር በእኔ ደረሰ። ድምፅ ማጉያውን አስቀምጬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሁለት ቀን አላናገርኳትም። ኡጋሊዋን ታቀርባለች፣ እኔ ግድግዳ እያየሁ እበላለሁ። ከቤት ላባርራት ሁሉ አስቤ ነበር፤ አልዋሽሽም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ለፍየሎቹ ቅጠል ስቆርጥ መጥታ ከኋላዬ ቆመች።

«አባባ፣ ያን ቀን የተናገርኩት ሊቀመንበሩን ነው። አንተን አይደለም።»

«ሊቀመንበሩ ሰምቷል» አልኳት ሳልዞር።

«አባቴስ?»

ቅጠሌን መቁረጤን ቀጠልኩ። ትንሽ ቆይታ «እናቴ የሄደችው በዚህ እንደሆነ አውቃለሁ» ብላ ተመለሰች። ቅጠሉን እዚያው ጣልኩት። እኛ ከልጆች የደበቅነው መስሎን ነበር።

የዚያኑ ዕለት ሄድኩ። በመንገድ በኩል ባለው በር፣ ሰው እያየኝ ገባሁ። የምትመረምረው ሲስተር ሜርሲ ናት፤ ያንቺን ወረቀት ስንት ጊዜ እንዳሳየኋት እሷ ትቁጠረው።

«ሊቀመንበር፣ ዛሬ የማንን ይዘው መጡ?» አለችኝ።

«ጣቴን ብቻ» አልኳት።

ወጋችኝ፤ ቁጭ ብለን ጠበቅን። በሌላ ዓይነት መመርመሪያ ደግማ አየችው፤ ውጤቱ ያው ሆነ። ቫይረሱ በደሜ አለ፣ ፔኒና። ፈራሁ። ሞት ትዝ ያለኝ ቆይቶ ነው፤ መጀመሪያ ዓይኔ ላይ የመጣሽው አንቺ ነሽ፣ ሻንጣሽን ይዘሽ አውቶቡስ ስትሳፈሪ። የዓሣ ነጋዴዋንም ስም ለሲስተር ነገርኳት፤ ያለችበት ጠረፍ ድረስ ሰው ልከው አግኝተዋታል።

መድኃኒቱን የዚያኑ ቀን ጀመርኩ። በየማታው አንዲት ክኒን ናት። በመጀመሪያው ሳምንት ራሴን አዞረኝ፤ አሁን እንደ ድሮዬ እበላለሁ፣ እንደ ድሮዬ እቆጣለሁ። ሲስተር እንዳለችኝ፣ ሳላቋርጥ ከዋጥኩ የሰው ዕድሜ እኖራለሁ፤ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ሲቀንስም ወደ ሌላ ሰው አይሄድም። ዶሪን ውጤቴን አልጠየቀችኝም። ማታ ማታ ግን ሬዲዮው አጠገብ ውሃ በብርጭቆ አስቀምጣ ትወጣለች።

ልጅሽ ይህን ጠረፍ ምን እንዳደረገችው ብታይ። በዚያ ሳምንት ሰባ ሦስት ሰው ተመረመረ። ከእኔ ቀጥሎ የገባው ኦልዋንዴ ነው፤ «መረቤን የሚመልሱልኝ ከሆነ ልከተልዎት» እያለ። ነጻ ከሆኑት ወጣቶች ዐሥራ አንዱ የመከላከያውን ክኒን ጀመሩ። ኮንዶሙን ማከማቻው ውስጥ የማጥመጃ መብራቶቹ ከሚሰቀሉበት ግድግዳ ሥር አኖሩት፤ ለምኖ የሚወስድ የለም፣ አይቶ የሚጠይቅ የለም። ልጃገረዶቹ ደግሞ ኮሚቴው ፊት ቀርበው ዓሣ በአደባባይ፣ በሚዛን ብቻ እንዲሸጥ ጠየቁ፤ ከእንግዲህ ማንም ጀልበኛ ዓሣ የምትገዛን ሴት አብረሽኝ ካላደርሽ አልሸጥልሽም እንዳይላት። ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። ያንን ደንብ ያጸደቅሁት እኔ ነኝ፤ እጄን ሳነሣ ሁሉም ለምን እንደሆነ ያውቅ ነበር። አፍሬ ግን አላወረድኩትም። ባለፈው ሐሙስ ጨረቃ እንደገና ስትሞላ የጠረፉ ሰዎች ያለ ኳስ፣ ያለ ንግግር በራሳቸው ለምርመራ መጡ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ከመሄድሽ በፊት የለመንሽኝ አንድ ነገር ነበር። «አብረን እንመርመር። ብቻዬን አልሄድም፤ ቀድማ የተመረመረች ሚስት ናት ‹አንቺ አመጣሽው› የምትባለው» አልሽኝ። እኔም ያንቺኑ ወረቀት እያውለበለብኩ ሳቅሁብሽ። ይቅር በይኝ። ሳቄ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ።

ይኸው ቀድሜ ሄድኩልሽ። የእኔ ውጤት ግን ያንቺ አይደለም። በእኔ ስለተገኘ በአንቺም አለ ብለሽ እንዳትደመድሚ፤ ባል ተገኝቶበት ሚስት ነጻ የምትሆንበትን ሲስተር ሜርሲ ብዙ አይታለች። ጤነኛ መስለሽ ስለታየሽም የለም አትበይ። ምናልባት ተመርምረሽ ይሆናል፤ እንደዚያ ከሆነ ደግ አደረግሽ። ካልተመረመርሽ ግን በዚህ ሳምንት ሂጂ። ከፈለግሽ ዶሪን አብራሽ ትሂድ፤ እሷ እጅ መያዝ ታውቅበታለች። ነጻ ከሆንሽ አምላክን አመስግኚ። ከተገኘብሽም መድኃኒቱ አለ፣ ዕድሜም አለ።

ተመለሺ አልልሽም። እሱን የምጠይቅበት አፍ የለኝም።

ምናልባት ቢገኝብሽ ግን ወንድሞችሽ፣ እህትሽ ወይም የእኔ ዘመዶች ከማን አመጣሽው ማለታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ አንዲት ቃል አትመልሺላቸው። ይህን አሳዪያቸው፦

እኔ ዛብሎን ኦጎላ፣ የንያሎራ ጠረፍ ሊቀመንበር፣ በሙሉ አእምሮዬና በገዛ እጄ እንደጻፍኩት፣ በባለቤቴ በፔኒና ላይ ይህ ቫይረስ ቢገኝ ወደ ቤታችን ያስገባሁት እኔ ነኝ። እሷ ከዚህ ነገር ንጹሕ ናት። አብረን እንመርመር ብላ ለምናኝ እምቢ ያልኩ እኔ ነኝ።

አምላክ በምትሄጂበት ሁሉ ይቅደምልሽ። ሐይቁም፣ ልጆቹም፣ እኔም ሰላም ብለንሻል።

ዛብሎን ኦጎላ

ከስሜ ሥር ማኅተም መትቻለሁ። ዓሣ ጭነው ለሚወጡ መኪኖች የተሠራ ነው፤ ሌላ ማኅተም የለኝም።