ከራስ ቤት ምሳሌ አይመጣም

ጥቅምት 4፣ ቅዳሜ

መስኮቶቹን ወለወልኩ። የምሠራውን ሹራብ እጅጌ ለሁለተኛ ጊዜ ፈታሁት፤ አንድ ቦታ ላይ ላልቷል። ማንም አያየውም... እኔ ግን አየሁት።

ከሰዓት በኋላ ፋርማሲስቱ ከላይኛው ፎቅ ወርዶ መጣ። የፅንስ ማቋረጥ ሕጉ ጠበቅ ሊል ነው እየተባለ አገሩ ሁሉ ይጨቃጨቃል፤ የሕንፃችን ሰዎችም በአዳራሹ ሊከራከሩበት ነው፤ ሁለት ቅዳሜ። "እርስዎ ካልመሩን ወንበር መወራወራችን ነው" አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ክርክር ሳስተምር ኖሬ እምቢ ልበል? የክርክር ደወሌን ከቁም ሳጥኑ አወጣኋት።

ሕጎቼ የድሮዎቹ ናቸው። ለሁሉም እኩል ሰዓት። ሰው አይሰደብም። ከራስ ቤት ምሳሌ አይመጣም። ሦስተኛዋን ያወጣኋት አንዲት ተማሪዬ ስለ አባቷ መጠጥ ተናግራ ዓመቱን ሙሉ "የጠርሙስ ልጅ" ሲሏት ስለከረሙ ነው። ከዚያ ወዲህ በኔ ክፍል ገበናውን አውጥቶ የተሳቀበት የለም።

ጥቅምት 5፣ እሑድ

ልጄ ሁለቱን ልጆቿን ይዛ መጣች። ትልቋ ሥዕል ትስላለች፤ ትንሿ የሹራቤን ክር ታንከባልላለች። ልጄ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሳህን እያጠበች "እማ፣ አርግዣለሁ" አለች።

"እንኳን..."

"አትጨርሺው።"

ውሃው ይፈሳል።

"አልወልደውም። ሕጉ ጠበቅ ሳይል፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ክሊኒክ ቀጠሮ ይዣለሁ።"

"ባልሽስ?" የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ መንገድ ላይ ነው የሚኖረው።

"በስልክ ነገርኩት። 'አንቺ እንዳልሽ' አለኝ።"

"ታዲያ ይሄ ጥሩ አይደል?"

"የሱ 'አንቺ እንዳልሽ' ማለት 'ብቻሽን ተወጪው' ማለት ነው። ቋንቋውን እኔ ነኝ የማውቀው።"

እኔስ ምን አልኩ? "እስቲ ቁጭ ብለን በሁለቱም ወገን እንየው።" ሳህኑን አስቀመጠች፣ እጇን ጠረገች። "እኔ የክርክር ርዕስ ነኝ እንዴ?" ልጆቿን ሰብስባ ወጣች።

ሁለቱን ወገን ማየት ምን ክፋት አለው?

ጥቅምት 7፣ ማክሰኞ

ደወልኩላት። አላነሳችም።

ጥቅምት 9፣ ሐሙስ

ለራሴ እውነቱን ልጻፍ። እኔ ይወለድ ባይ ነኝ። ስም እንኳ አስቤለታለሁ፣ ማን ጠየቀኝ?

ግን ትንሿ የተወለደች ጊዜም አብሬያት ነበርኩ። ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ሕፃኗ ታለቅሳለች፣ እናቷ አትሰማም። በጡጦ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ልጄን መስኮቱን ከፍታ ቁልቁል ስታይ አገኘኋት። አራተኛ ፎቅ... መስኮቱን ዘጋሁት። ስለዚያ ነገር እስከ ዛሬ አላወራንም።

ይሄ በየትኛው ወገን ይመዘገባል?

ጥቅምት 11፣ ቅዳሜ

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ጡረተኛው ዳኛ "ያልተወለደ ልጅ ጠበቃ የለውም፣ እኔ ልቁምለት" አሉ። ከልባቸው ነበር፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ፋርማሲስቱ "ሕጉ ቢጠብቅ ሴቷ መውለድ አትጀምርም፣ መደበቅ እንጂ" አለ። የጥርስ ሐኪሙ "እኔ በሴት ቦታ ብሆን ኖሮ ችዬው..." ብሎ ሲጀምር ጎረቤቱ ከኋላ "አንተ? ጉንፋን ሲይዝህ ሕንፃው በሙሉ አይተኛም" አለችው። ሳቅ። ደወል መታሁ።

ከዚያ ከበሩ አጠገብ አንዲት ሴት ተነሳች። ልጄ። ከምትሠራበት የልብስ ፋብሪካ በቀጥታ መጥታ የጨርቅ ቆራጭ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም።

"እኔ ሁለተኛ ልጄን የወለድኩ ጊዜ..."

እጄ ደወሏን መታ። እጄ እላለሁ... ራሴ ነኝ። "ከራስ ቤት ምሳሌ አይመጣም" አልኩ፣ በዚያ በክፍል ድምፄ።

አየችኝ። "ታዲያ ከማን ቤት ላምጣ፣ መምህርት?"

እማ አላለችኝም። ተቀመጠች። ከሷ ቀጥሎ የተናገሩት ሁሉ ወንዶች ነበሩ፣ ሁሉም ሕጌን አክብረው። ሲያበቃ ዳኛው "እንዲህ ሥርዓት ያለው ክርክር አይቼ አላውቅም" ብለው ጨበጡኝ። እጄን መመንጨቅ አማረኝ።

ጥቅምት 12፣ እሑድ

ተናድጃለሁ። በዳኛው፣ በልጄ፣ በአማቼ፣ ከሁሉም በሕጌ። ከዚያች ተማሪ ወዲህ የስንቱን ገበና የሸፈነችልኝ ሕግ የልጄን አፍ ዘጋች። ያው አንዷ ሕግ...

እጅጌውን እንደገና ፈታሁት። አሁን ምንም ጉድለት አልነበረውም።

ጥቅምት 14፣ ማክሰኞ

ፋብሪካው በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። ከሴቶቹ ጋር እየሳቀች ወጣች፤ ስታየኝ ሳቁን ተወችው።

"ደወልሽን አልያዝሽም?"

"አልያዝኩም።"

ጥቂት ሄድን። "ያን ቀን መስኮቱን ዘግተሽ ጡጦ ልታሞቂ ሄድሽ" አለች።

"ምን ልበልሽ ነበር?"

"ምንም። ምን ሆንሽ ብትይኝ ይበቃኝ ነበር።" አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች፣ እንደ ልጅነቷ። "እማ፣ እነዚያ ሁለቱ እናት ይፈልጋሉ። ግድግዳ የምታይ እናት አይደለም። ደግሞ ዳግም እንደዚያ ብሆን እንደምመለስ በምን አውቃለሁ?"

"ሐሳብሽን አልወደድኩትም።"

"ውደጂልኝ መች አልኩሽ? ቅዳሜ አብረሽኝ ሂጂ ነው የምልሽ።"

"ቅዳሜ እኮ ሁለተኛው ክር..." ዋጥኩት።

ጥቅምት 18፣ ቅዳሜ

ጠዋት ደወሏን ለፋርማሲስቱ ሰጠሁት። "እንዴ፣ ያለ እርስዎ ምን ልንሆን ነው?" አለ።

"ወንበር ተወራወሩ። ሦስተኛዋን ሕግ ግን ሰርዛት። ሰው የቤቱን ሲያወጣ የሚስቅ ካለ፣ ደወሉን በሚስቀው ላይ ምታ።"

ክሊኒኩ መተላለፊያ ላይ የፕላስቲክ ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ። ነርሷ "ምኗ ነዎት?" አለችኝ። እናቷ አልኩ። ልጄ ስትወጣ ፊቷ ነጥቷል። ታክሲ ውስጥ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣለች፤ ቤት እስክንደርስ አላነሳችውም።

ተኛች። ልጆቹን ጎረቤት ወሰደቻቸው። ስትነቃ አልጋዋ ጫፍ ላይ ነበርኩ።

"እማ፣ አዘንሽ?"

"አዝኛለሁ።"

"እኔም ትንሽ... ግን ቀለለኝ።"

ነፋሱ መጋረጃውን ያንቀሳቅሳል። ልዘጋ ተነሳሁ። "ተይው፣ አየር ይግባ" አለች። እጄ መስኮቱ ላይ ቆየ። ከዚያ ተውኩት፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

"ያን ቀን ምን ሆነሽ ነበር?" አልኳት።

ታሪኩ ረጅም ነበር። አንዳንዱን ሁለቴ ነገረችኝ፣ ቅደም ተከተሉም ተዛብቶባታል። አላረምኳትም። እስክትጨርስ ሰማሁ።