ማክሰኞ ባሕር ለገቡት ክቡር ኃላፊ

«ልጁ ሥርዓት ያልተማረ ዱርዬ ነው፤ ጀልባው የታሰረችበት በራሱ ጥፋት ነው» ብለው እሁድ በሬዲዮ የተናገሩትን ሰምቻለሁ፣ ክቡር ሚስተር አምፖማ። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ፀጉር ቤት የነበረው ሰው በሙሉ ሰምቷል። ፀጉር ቆራጩ ፊፊ ሬዲዮኑን ጮክ አድርጎ ስለሚከፍት ባሕሩም ሳይሰማ አልቀረም። ስለዚህ መልሴን በጆሮዎ ሹክ አልልዎትም። አንዱን እዚሁ ፀጉር ቤት መስታወት ላይ፣ አንዱን ዓሣ ገበያው በር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ለሬዲዮ ጣቢያውም ልኬላቸዋለሁ፣ ወንድ ከሆኑ ያንብቡት።

ለማንኛውም ሰላምታ ይቅደም፣ ሥርዓት አውቃለሁና። ጤናዎ እንዴት ነው? ሆድዎ የገባው የጨው ውሃ ወጣልዎት? ሳሉስ ተሻለዎት? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እግዜር ረጅም ዕድሜ ይስጥዎት። ባለፈው ማክሰኞ ዕድሜዎን ከማዕበል ጎትቼ ያወጣሁልዎት እኔ ነኝ፤ የቀረውን እሱ ይጨምርበት።

ምናልባት ፊቴን ረስተውት ከሆነ ኤቦ ኳንሳ እባላለሁ። እኛ ጋ ማክሰኞ የተወለደ ወንድ ኤቦ ነው፤ ስለዚህ ስለ ማክሰኞ ሊያስተምሩኝ አይሞክሩ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ እኔና አስተማሪው አልተስማማንም። ግን ከኤጉምፓ ዳርቻ እስከ ወንዙ አፍ እንደኔ ማዕበል የሚሰብር ጎረምሳ አለ የሚል ካለ ጥዋት ይምጣና ይሞክረኝ። ጀልባዬ «ምቀኛ ይድከመው» ትባላለች። ቀለሟን የቀባሁት፣ ስሟን የጻፍኩት እኔው ነኝ። ጽሑፉ ትንሽ ጠሟል፤ እሷ ግን ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው። ዓሣ ሲኖር ዓሣ አጠምድባታለሁ፣ እንግዳ ሲመጣ እንግዳ አንሸራሽርባታለሁ፤ ያሳደገችኝ አክስቴ ኤኩዋ የምታጨሰው ዓሣም ከሷ ነው የሚወጣው። አሁን ይቺው ጀልባ ከኮኮናት ዛፍ ሥር በዘንባባ ቅጠል ታስራ ተቀምጣለች። ያሳሰሯት እርስዎ ነዎት። እንዴት እንደሆነ ለሬዲዮ አድማጭ መንገር ስለረሱ እኔ ልናገርልዎት።

መጀመሪያ ግን የቱሪዝም ቢሮዎ ለጎብኚዎች ለሚያድላት ለዚያች ባለቀለም ወረቀት ምስጋና ይድረስዎት። «ሰባት ዘና የሚያደርጉ የእረፍት ሐሳቦች፤ በባሕር ዳርና በገጠር» የምትለዋ። እንደምንም ብዬ እስከ መጨረሻው አነበብኳት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሲባል እሰማ ነበር፤ ታትሞ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። እርስዎ ከደጋው ጫካ አገር የመጡ ሰው ነዎት፣ ይህ ነውር የለውም። ባሕር አለማወቅም ነውር የለውም። ሳያውቁ ወረቀት ላይ መጻፍ ግን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዓይን ያወጣ ነገር ነው። ቅሬታዬን በቁጥር ላቅርብ፤ ሹማምንት ቁጥር ትወዳላችሁ።

አንደኛ። «የአገሬው ሰዎች ጎህ ሲቀድ በጸጥታ ተቀምጠው ባሕሩን የሚያሰላስሉበት ጥቁር ቋጥኝ» ብለው ጽፈዋል። ክቡር ኃላፊ፣ ሰዎቹ እያሰላሰሉ አይደለም። የሠፈሩ መጸዳጃ ቤት ከፈረሰ ጀምሮ ሰው ሁሉ ጥዋት ጥዋት ወደዚያ ቋጥኝ ነው የሚሄደው። ሁለት ጀርመኖች የርስዎን ወረቀት ይዘው፣ አጠገባቸው ካሜራ ተክለው፣ ከአቶ ክዌጊር ጎን ቁጢጥ ብለው ተገኙ። ክዌጊር የሰንበት ዘማሪ ነው፣ የተከበረ ሰው። ሱሪውን በእጁ ይዞ እየሮጠ መጣና «ኤቦ፣ ምን አድርጌያቸው ነው? ሰላም አሉኝ እኮ! እጄን ሊጨብጡ ፈለጉ!» አለኝ። «ጨበጥካቸው?» ስለው «በየትኛው እጄ?» አለኝ። ይህን የመሰለ ክብር ለቋጥኛችን ስለሰጡልን እናመሰግናለን። መጸዳጃ ቤቱን ቢሠሩልን ግን የበለጠ እናመሰግን ነበር።

ሁለተኛ። ለገጠሩ ክፍል «ቅዳሜ ቅዳሜ ቀይና ጥቁር የለበሱ ደስተኛ ገበሬዎች በዳስ ሥር የሚያሳዩት የባህል ትርዒት» ብለዋል። እንግዶቹን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። እንዳልኩት ወረቀትዎን አንብቤያለሁ፤ «ይህ ለቅሶ ነው፣ ሬሳ ተዘርግቶ ነው» ብያቸውም ነበር። እነሱ ግን ማኅተም ያለበትን ወረቀት ያምናሉ እንጂ እኔን ምን ብለው ያምኑኛል! ዳሱ ሥር እንደገቡ አጨበጨቡ። አንዲቱ ሴትዮ፣ ደግ ሴት ናት፣ ጠጋ ብላ «ሙሽራው የትኛው ነው?» አለችኝ። ምን ልበላት? «ያ የተኛው» አልኳት። የሟች ቤተሰብ እንዴት ያሉ ሰዎች መሰሉዎት! ወንበር ሰጡ፣ ኬንኬ የምንለውን የበቆሎ ሊጥ ቅቅልና የተጠበሰ ዓሣ አቀረቡ፤ በድምፅ ማጉያም «ከሩቅ አገር ሊያለቅሱ ለመጡት ወዳጆቻችን» ብለው አመሰገኑ። ሴትዮዋ ነገሩ ሲገባት ያን ጊዜ የምሯን አለቀሰች። ከሁላችን የተሻለ ለቀስተኛ እሷ ሆነች። እርስዎ ደግሞ በሚቀጥለው እትም «የጎብኚዎች የነቃ ተሳትፎ» ብለው እንደሚጽፉት አልጠራጠርም።

እነዚህን እንኳ እስቄ እተው ነበር። ሳቅ አይጎድለኝም፣ የምታወቀውም በሳቄ ነው። ሦስተኛው ግን አያስቅም።

ወረቀትዎ ላይ ቁጥር አራት እንዲህ ይላል፤ «ባሕሩ እጅግ ጸጥ የሚለው ማክሰኞ ስለሆነ፣ አንድም ጀልባ በሌለበት ሰፊ ውሃ ላይ በጀልባ ይንሸራሸሩ።» ግድ የለም፣ ሲያዩት እንደዚያ ነው። ማክሰኞ መጥተው አዩ፤ ጀልባው ሁሉ አሸዋ ላይ ተደርድሯል፣ ወንዱ መረብ ይጠግናል፣ ሴቱ ፀጉር ይሠራራል። እና «ምን ያለ ዘና ያለ ሕዝብ ነው!» ብለው ጻፉ። አንድ ሰው፣ አንድ ሕፃን ልጅ እንኳ «ለምንድን ነው ዛሬ የማትወጡት?» ብለው ቢጠይቁ ምን ነበረበት? ማክሰኞ ባሕሩ የሚያርፍበት ቀን ነው። አያቶቻችን እንዲህ ተስማምተው ሰጥተውታል፤ ስድስት ቀን እንወስዳለን፣ አንድ ቀን እንተውለታለን። ማክሰኞ ውሃ ላይ መቅዘፊያ የሚያሳርፍ የለም፤ ሰካራሙም፣ ሌባውም፣ ፓስተሩም።

ባለፈው ማክሰኞ ግን እርስዎ ለአዲሱ እትም ፎቶ ፈለጉ። እኔ ከኮኮናቱ ጥላ ሥር ዳማ እጫወት ነበር፤ እያሸነፍኩ ነበር፣ ይህም ይመዝገብልኝ። ፊፊ እየሮጠ መጣ።

«ኤቦ! ‹ምቀኛ ይድከመው› ውሃ ውስጥ ናት!»

«ሂድ ወዲያ፣ ላሸንፍ ስል ነው የምትቀልደው።»

«የኔ ቀልድ አይደለም፣ የማንም ቀልድ አይደለም! አንድ ቦርጫም በኮት ተቀምጦባታል!»

ቀና ስል እውነት ነው። ከሾፌርዎና ከፎቶ አንሺዎ ጋር ሆነው፣ ሁለት እንግዶች አስገፍተው፣ ጀልባዬን ሳልጠየቅ በግንድ እያንከባለሉ አስገቧት። መቅዘፊያ የያዘው ሾፌርዎ ነው፤ ሰውዬው እንደ ገንፎ ነበር የሚያማስለው። እናቶቻችን ነጠላቸውን እያውለበለቡ «ኧረ ተው! ኧረ ዛሬ ማክሰኞ ነው! ውጡ!» ብለው ጮኹ። እርስዎ ምን አደረጉ? እጅዎን አንሥተው ሰላም አሏቸው። ፈገግ ብለው! ፎቶ አንሺውም አነሣው። ሕዝቡ ሲረግም የሚያሳይ የመጀመሪያው የጎብኚ ፎቶ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ሁለተኛው ማዕበል መጣ። እንግዶቹና ሾፌሩ ዋና ያውቃሉ፣ ፎቶ አንሺውም ካሜራውን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ወጣ። እርስዎ ብቻ እንደ ከረጢት አንዴ ብቅ አንዴ ጥልቅ ይላሉ። እኔም በማክሰኞ ዝም ብዬ አልገባም፤ የዓሣ አጥማጆቹን አለቃ ናና ኤድዚን አየሁ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ለባሕሩ አንድ ቃል ተናገሩና «ሂድ፣ ሰውየውን አምጣ፣ ሌላ ምንም አትንካ» አሉኝ። ገባሁ። ኮሌታዎን ይዤ ጎተትኩዎት። ሌላ ሰው ቢሆን ሁለታችሁም ትሰምጡ ነበር፤ እኔ ስለሆንኩ ነው። እርስዎ ደግሞ አሸዋው ላይ እንደተፉ የመጀመሪያ ቃልዎ «ሸሚዜን ቀደድከው» ነበር። እግዜር ያሳይዎት! በሬዲዮም «በኃይል ጎተተኝ፣ ሥርዓት የለውም» አሉ። ልክ ነዎት። በሚቀጥለው ጊዜ መጀመሪያ ቀጠሮ አስይዛለሁ።

ማክሰኞ ውሃ የነካች ጀልባ ትታሰራለች። ማዕበሉ መልሶ አሸዋው ላይ ጣላት፤ ወዲያው ታሰረች፣ መቅዘፊያዎቿም ናና ቤት ገቡ። ወደ ባሕር ያስገባት ሰው ራሱ በግና አንድ ጠርሙስ የጂን አረቄ ይዞ መጥቶ፣ ናና ፊት ቆሞ፣ ባሕሩን ይቅርታ እስኪጠይቅ አትፈታም። እኔ ሞኝ አይደለሁም፣ በአቋራጭ ልጨርሰው ሞክሬያለሁ። የአክስቴን በግ፣ ስትስመው የምታድረውን በግ፣ ጎትቼ ሄድኩ።

«ናና፣ እኔ ልክፈልለት፣ ጀልባዬ ትፈታ።»

«ልጄ፣ አንተ ነህ ያስገባሃት?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ በጉን መልስ። ባሕር የሰደበውን ሰው ያውቀዋል። ያንተን ይቅርታ ምን ያደርግበታል?»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። ሰርዲኑ ደርሷል፣ ክቡር ሚስተር አምፖማ። ከባሕር ዳር ሆኜ ወፎቹ እየጠለቁ ሲያወጡ አያለሁ። የሰው ጀልባ ሁሉ ሞልቶ ይገባል፤ «ኤቦ፣ አንተስ ዛሬ ለእረፍት ነው የመጣኸው?» እያሉ ያልፉኛል። እኔን! የአክስቴ የማጨሻ ምድጃ ቀዝቅዟል፤ ድመት ወልዳበታለች። ኤኩዋ በሕይወቷ ዓሣ ከሰው ገዝታ አታውቅም፤ ትናንት ገዛች፣ ፊቷን በሻሽ ሸፍና። ያን ያየሁበት ዓይኔ ነው ይህን ደብዳቤ የሚያጽፈኝ። ሰርዲኑ ደግሞ አይጠብቅም፤ መጥቶ የሚሄድ ነው። ካለፈ እስከ ዓመቱ እንደ ውሻ እየለመንን እንውላለን።

ለነገሩ ሐሳብ ከፈለጉ ለምን ከኔ አይጠይቁም ነበር? በነጻ እነግርዎት ነበር። ረቡዕ ጥዋት ይምጡና ትልቁ መረብ ሲጎተት ገመዱን ይያዙ፤ ዘፈኑን ባያውቁትም ወገብዎ ይማረዋል። ከሰዓት በሐይቁ በኩል ሲሄዱ ሰማያዊዎቹ ወፎች ውሃ ውስጥ በሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ ላይ ቁጭ ብለው ዓሣ ሲጠብቁ ያገኟቸዋል፤ ከቢሮዎ ሰዎች ይልቅ ሥራቸውን ያውቃሉ። ወደ ገጠር ከሄዱ ደግሞ የዘንባባ ጠጅ ከዛፉ ሥር፣ ገና ሳይጎመዝዝ፣ ከባለቤቱ ጋር ተቀምጦ መጠጣት ነው። እረፍት ማለት ይህ ነው። ሰዎቹን ሰላም ብሎ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው ብሎ ጠይቆ። ይኸው ነው፣ ማኅተም አያስፈልገውም።

እንግዲህ ክቡርነትዎ በሰላም ይሰንብቱ። ወንበርዎ አይንቀጥቀጥ፣ ሻይዎ አይቀዝቅዝ፣ ሾፌርዎ በመኪና እንጂ በመቅዘፊያ አይፈተን። በሄዱበት ሁሉ ኮሌታዎን የሚይዝ ሰው አይጥፋ።

አክባሪዎ፣ ሕይወትዎን ያተረፈልዎት፣ ሸሚዝዎን የቀደደብዎት፣ የኤጉምፓው ኤቦ ኳንሳ፣ የታሰረችው «ምቀኛ ይድከመው» ባለቤት።

ከላይ የረሳሁት፤ የግራ ጫማዎን ባሕሩ ትናንት መልሶታል። ልወስደው ስል ናና ከለከሉኝ፤ እሱም ማክሰኞ የገባ ነው ብለው ከጀልባዬ ጎን በዘንባባ ቅጠል አሰሩት። ጥሩ ጫማ ነው፣ ሕፃናቱ ሁሉ ሊያዩት ይመጣሉ፤ ከሰባቱ ሐሳቦችዎ ሁሉ የተጎበኘው እሱ ነው። ናና ፊት የሚቆመው ጫማ አውልቆ ስለሆነ አንድ እግር ጎደለኝ ብለው እንዳይቀሩ። በጉን ይዘው ይምጡ። እስከ ሐሙስ መልስ እፈልጋለሁ፤ በሬዲዮ ሳይሆን በእግርዎ። ቶሎ!