ሴትዮዋ በሩን ከፈተችለት ወይ?

ግርምዬ፣

እንደምን ሰንብተሃል ብዬ አልጀምርልህም፤ መልሱን አውቀዋለሁ። ከተለየኸኝ ሁለት ፋሲካ አለፈ። ሁለቱንም ያለ አንተ ፈሰክሁ፣ ሁለቱንም ዶሮው አልጣፈጠኝም። እኔ ደህና ነኝ፣ ልጅህ ቤዛም ደህና ናት። ይህን የምጽፍልህ ግን ደህና ስለሆንኩ አይደለም፤ አንገሽግሾኝ ነው። ያንተን ሰዎች፣ እነዚያን የአሮጌ መጽሔት ሰብሳቢዎች፣ ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ አየኋቸውና እስከ ዛሬ እህል ሲቀርብልኝ ያቅለሸልሸኛል። ለሰው ባወራው እንደ እብድ ያየኛል። ስለዚህ አንተው ስማኝ፤ ጣጣው ያንተ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። አሁንም ቶርንክሊፍ ሰፈር ነን፣ እዚያችው ፎቅ ላይ። ኤሌቬተሩ እንደ ድሮው ሲያሻው ይሄዳል፣ ሲያሻው ይቆማል። ቤዛ ኮሌጅ ገባች። ፀጉሯን አሳጥራ ተቆረጠችው፤ አያምርባትም፣ አንተ ብትኖር ግን ያምርብሻል ብለህ ትዋሽላት ነበር። በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፣ ስቆጣ ደግሞ ሪላክስ ማሚ ትለኛለች። ሶፋህን አልጣልኩትም። ከሶፋው ጀርባ የደረደርካቸው ካርቶኖችም እንዳሉ ናቸው፣ ሽታቸውም እንዳለ ነው። ስንት ዘመን መስኮቱን ክፈተው ስልህ፣ ይህ እኮ የታሪክ ሽታ ነው እያልክ ስትሟገተኝ ኖርክ። የታሪክ አይደለም ግርማ፣ የሻጋታ ነው።

ሰው ቴምብር ይሰበስባል፣ ሰው ሳንቲም ይሰበስባል። የኔ ባል የሰበሰበው አሜሪካኖች በጥንት ጊዜ በርካሽ ወረቀት ያተሙትን የወንጀልና የጭራቅ ወሬ ነው። ወረቀቱ ሲነኩት እንደ ደረቅ ቂጣ ይፈረፈራል። ሽፋኑማ አይነሳ፤ ቀሚሷ የተቀደደ ሴት፣ ሽጉጥ የያዘ አጽም፣ ልጃገረድ የጠመጠመ ዘንዶ። ይህ ሁሉ ጉድ ከእመቤታችን ሥዕል ፊት ለፊት ነበር የተቀመጠው። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምወለውለው።

የንስሐ አባታችን ቤት ሊባርኩ እንደሚመጡ የሰማህ ዕለት የሠራኸው ሥራ ትዝ ይልሃል? ቁጭ ብለህ ሁሉንም በጋዜጣ ሸፈንካቸው። ተማሪ እያለን ደብተር እንደምንሸፍነው፣ ጥጉን አጥፈህ፣ ዳሩን በዱቄት ሙጫ ለጥፈህ። ከዚያ በየጋዜጣው ላይ በእስክሪብቶ፣ ጫን ጫን እያልክ፣ ከራስህ ያወጣኸውን ርዕስ ጻፍክበት። «ሬሳው ቀጠሮ አለው»፣ «የጭጋጉ ሰውዬ»፣ «ሞት አይቀርም»። አባም መጥተው ጸበል ከረጩ በኋላ «ሞት አይቀርም»ን አነሱና፣ የነፍስ መጽሐፍ መስሏቸው፣ በመስቀላቸው ባረኳት። አንተ ሳቅህን ልትውጥ ኪችን ገባህ። እኔ ከሳቸው ጋር ተፋጥጬ ቀረሁ። እስከ ዛሬ ያንን ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ሽፋኑን ብጸየፍም ወሬውን ግን አልጸየፍኩም፤ ይህንን ታውቃለህ። ቀኑን ሙሉ ፓርኪንግ ውስጥ፣ በዚያች ሒሳብ በምትቀበልባት የመስታወት ሳጥን ተቀምጠህ ያነበብከውን፣ ማታ እኔ ሽንኩርት ስከትፍ በአማርኛ ታወራልኝ ነበር። አሜሪካዊውን ፖሊስ ሻምበል ዳምጤ አደረግከው። ልቤን አንጠልጥለህ ልክ እዚያ ላይ እጅህን ልትታጠብ ትሄዳለህ። የመጨረሻው ታሪክ በአንድ መጽሔት የማያልቅ፣ በየወሩ የሚቀጥል ነበር። ሻምበል ዳምጤ ወንበዴዎች ሲያሳድድ መሽቶበት ወይዘሮ ሙሉ የምትባል ባለ ፔንሲዮን ቤት ይገባል። ሴትዮዋ ሌባ መስሏት ምድር ቤት ትቆልፍበታለች። ውጭ ወንዙ ሞልቷል፣ ውሃው ወደ ምድር ቤቱ እየገባ ነው። እሱ ክፈቺልኝ እያለ ይለምናል፤ እሷ ቁልፉን ይዛ ከበሩ ማዶ ስድቧን ታወርድበታለች። እንዲያው ምን አባቱ ቆርጦት መጣ፣ ጫማውን እንኳ ሳይጠርግ፣ ወለሌን ጭቃ በጭቃ አድርጎ። እኔም ይህቺ አሜሪካዊት ስድብ አዋቂ ናት አልኩህ። አንተ እስክታስል ሳቅህ።

ሆስፒታል ከገባህ በኋላም፣ ትንፋሽህ እያጠረ፣ ትንሽ ቀጠልክልኝ። ውሃው ከሻምበሉ ወገብ ደረሰ፣ ሴትዮዋ ቁልፉን በቀዳዳው ከተተችው፣ እዚያ ላይ አበቃ አልከኝ። ቀሪው በሚቀጥለው እትም ነው፣ እሱ የለኝም፣ ከዚህ ስወጣ ሾው፣ የሰብሳቢዎቹ ገበያ፣ ሄደን አብረን እንፈልገዋለን አልክ። ከዚያ ግን በእግርህ አልወጣህም።

አሁን ወደ ሬይ ልምጣ። ወዳጄ የምትለው፣ በየሾው መጽሔት የሚሸጥልህ ሬይ። ሰው ፍራሽ ላይ ተቀምጦ እያለቀሰልህ ኮፍያውን አውልቆ ገባ። ደስ አለኝ፤ ፈረንጅ ሆኖ ለቅሶ መድረስ ያውቃል ብዬ። ምስር ወጡን በላ፣ ተደግሞለትም በላ። አፉን ጠርጎ ካርቶኖቹን ልይ አለ። አንዱን አወጣ፤ ጋዜጣውን፣ ሙጫውን፣ የእስክሪብቶህን ጫና ሲያይ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ፣ ዓይኑም እንባ ሞላ። ሴቶቹ ለአንተ ያለቀሰ መስሏቸው አብረውት ጮኹ። ግርማዬ ወንድሜ እያሉ ደረት ደቁ። ሰውዬው ግን የሚለው ሌላ ነበር፤ ቤዛ ተረጎመችልኝ፣ ባትተረጉመው ይሻል ነበር። አበላሽቷቸዋል ነው የሚለው። ሰው የሞተበት ቤት ተቀምጦ፣ የሟችን ወጥ በልቶ፣ ለሽፋን ያለቅሳል። ቀጥሎም ለማንኛውም እኔ ልገላግልሽ፣ ሁሉንም ልውሰድ አለኝ። የበላበትን ሳህን ሦስቴ አጠብኩት።

እንዲያም ሆኖ ያቺ ሴትዮ አላስተኛ አለችኝ። ከፈተችለት ወይስ ሰውዬው እንደ አይጥ ሰጠመ? የታሪኩ ነገር ቀልድ እንዳይመስልህ። አንተ ጀምረህ ያልጨረስከው ነገር ያ ብቻ ነው። ሌላውን ሁሉ ጨርሰህ ሄድክ፤ መጋረጃውን እንኳ ሰቅለህልኝ ነበር። እና ባለፈው ቅዳሜ መጨረሻ ያነበብክልኝን መጽሔት፣ ከነጋዜጣ ሽፋኑ፣ በፌስታል ይዤ ከቤዛ ጋር ወጣሁ። በባስ እስከ ፔፕ ስቴሽን፣ ከዚያ በሰብዌይ፣ በምድር ስር ባቡሩ፣ ከዚያ እንደገና በባስ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ሆቴል።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። አዳራሹ ሙሉ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ሙሉ ያ የኛ ቤት ሽታ፣ በላዩ ላይ የላብና የሀምበርገር ሽታ ተጨምሮበት። ሽበታም ሽማግሌዎች ጣታቸውን በምራቅ እያራሱ ካርቶን ይበረብራሉ። መጽሔቱ ሁሉ ላስቲክ ለብሶ፣ አፉ በፕላስተር ታሽጎ። አንዱ ሰውዬ የተቀደደ ቀሚስ ያለባትን ሴት ወደ መብራት ከፍ አድርጎ ጀርባዋን በአጉሊ መነጽር ይመረምራል፤ በግ የሚገዛ ሰው እንኳ ያፍራል። በቤዛ አፍ ሁሉንም ጠየቅኳቸው። ይህ ታሪክ እንዴት ነው የሚያልቀው? አንዱ ሁለት ቅጂ አለኝ አለ፤ አንብበኸዋል ወይ ብትለው አፈጠጠባት። አንዱ ሽፋኑን የሣለውን ሰው ስም ከነአባቱ ያውቃል፣ ውስጡን አያውቅም። ሌላው ጭራሽ ለማንበብ ነው እንዴ የምትፈልጉት ብሎ ሳቀብን። ያን ሁሉ ሰው ዞሬ አንድ ያነበበ አጣሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል እሰማ ነበር፤ ሁለቱን በአንድ አዳራሽ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

እትሙ የተገኘው ማን ጋ መሰለህ? ሬይ ጋ። በላስቲኩ ውስጥ ይታያል። መግዛት አልፈልግም፣ እዚሁ ፊትህ ቆመን ልጄ የመጨረሻውን ገጽ ታንብብልኝና እንመልስልሃለን አልኩት። ከተከፈተ ዋጋው ይወርዳል አለ። የባሌ የመጨረሻ ወሬ ነው አልኩት፤ ቤዛ ተረጎመችው። ይገባኛል አለና፣ ካርቶኖቹን ስጪኝ፣ ይህንን በነፃ ውሰጂው አለኝ። ያን ጊዜ ለለቅሶህ ሲመጣ ያን ኮፍያውን እንዴት አድርጎ እንዳወለቀ ታየኝ። ከፈልኩት። ስንት እንደሆነ አልነግርህም፣ ከመቃብር ትነሳብኛለህ። ከዚያ እዚያው ፊቱ ላስቲኩን በጥርሴ ቀደድኩት። ሬይ ዓይኑን ጨፈነ። ያን ቀን ደስ ያለኝ ነገር ቢኖር እሱ ነው።

ባስ ላይ ቤዛ አነበበችልኝ። ሻምበሉ አለ፣ ስሙ ሌላ ነው እንጂ አለ። ጀልባ ይፈነዳል። አንዲት ልጅ ትጮሃለች፣ ያድናታል፣ ይሳሳማሉ፣ አለቀ። ወይዘሮ ሙሉስ አልኳት። የለችም። ፔንሲዮኑስ? የለም። ደግመሽ እዪ ብዬ ተቆጣኋት፣ ደግማ አየች። ከፌስታሉ ያንተንም አውጥታ፣ ጋዜጣህን ገልጣ፣ ከላይ እስከ ታች ፈለገች። እዚያም የለችም። ውሃም፣ ምድር ቤትም፣ ቁልፍም የለም። ሻምበሉ መቼም የማንንም ወለል አላቆሸሸም።

መጀመሪያ አንተንም ተጸየፍኩህ፤ እውነቱን ልንገርህ። ውሸታም አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ባስ ሙሉ ሰው ዞሮ እስኪያየኝ። በሆስፒታል አልጋ ላይ፣ ያቺን ትንፋሽህን ቆጥበህ፣ የሌለች ሴት ስትፈጥር! ቤዛ ሴትዮዋ ምን ትል ነበር ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት፤ ምን አባቱ ቆርጦት መጣ፣ ጫማውን እንኳ ሳይጠርግ። ገና ሳልጨርስ መሳቅ ጀመረች። በዚያ በእንግሊዝኛዋ፣ ማሚ፣ ያቺ እኮ አንቺ ነሽ አለችኝ። እየሳቀች ነበር፣ ግን እንባዋ ይወርድ ነበር። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ሬይ አሁንም ቤት ኮል ያደርጋል። ካርቶኖቹን አያገኛቸውም፤ ሽታቸውን እየታገስኩ አኖራቸዋለሁ። ያንን ውድ እትሙን ደግሞ ዱቄት በጥብጬ፣ ሙጫውን አወፍሬ፣ በጋዜጣ ሸፈንኩት። በላዩም እንዳንተ ጫን ብዬ «ይህኛው አይደለም» ብዬ ጻፍኩበት።

ላስታውስህ ቃል ልግባ ብል፣ አንተ መሐላ አትወድም። ሽንኩርት ስከትፍ ትመጣብኛለህ፤ ሽንኩርት ደግሞ በየቀኑ ነው፣ በጾምም በፍስክም። ማለቂያውን ግን ከእንግዲህ በየትም ሾው አልፈልግም። ሴትዮዋ እኔ ከሆንኩ ከኔ ሌላ ማን ያውቀዋል? ቁልፉን አንዴ ከከተተችው በኋላ ታዞረዋለች። ስለ ወለሏ ተሳድባ፣ ስለ ጫማህ ተሳድባ፣ ትከፍትልህ ነበር ግርማ።

ያንተዋ አስካለ