የመረጃ ሰጪ ቁጥር ሰባት አውራ ጣት

ውድ እህቴ ሚጢ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፤ ደህና ያልሆነችው ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ናት። ከወደቀች ሦስት ሳምንቷ ነው። ግራ ጎኗ አልታዘዝ ብሏታል፤ አፏም ወደ አንድ ወገን ሸሽቷል። ሐኪሙ «ደም ግፊት ነው፣ አታናድዷት» አለ። ማን ቀርቷት ነው የሚያናድዳት? ልጇ ሥራው ከከተማ ውጭ ነው፤ ምራቷን ደግሞ ራሷ አባርራታለች። የማገላብጣት እኔ ነኝ፤ ፎቶ ኮፒ ቤቴን እየዘጋሁ ጠዋትና ማታ እሄዳለሁ። ሳጥባት «ቀስ በይ እንጂ፣ ጨርቅ መሰልኩሽ?» ትለኛለች። ቀልዷ አልሞተም።

የሰፈሩ ሊቀመንበርም ሊጠይቃት መጥቶ ነበር፤ ብርቱካን ይዞ። አልጋዋ ጫፍ ተቀምጦ «አይዞሽ እህቴ፣ ስትድኚ ስለ ስፌት ክፍሉ እንነጋገራለን» አላት። የክፍሏን ቁልፍ ያስቀየረባት ራሱ! ሲወጣ ብርቱካኑን ከኋላው ወርውሪበት አለችኝ። አልወረወርኩም፤ ጨምቄ አጠጣኋት። ምን ላድርግ፣ ሌላ የሚዋጥላት የለም።

አሁን ወደ ጉዳይሽ ልምጣ። የፖለቲካ ሳይንሱ መጽሔት ጥናትሽን እንደተቀበለው ስሰማ ብቻዬን እልል አልኩ። ሦስት ዓመት የለፋሽበት ነው፤ እሱ ካልታተመ ኮሌጁ ቋሚ እንደማያደርግሽም አውቃለሁ። የቀዳሽውን ድምፅ እየሰማሁ የገለበጥኩት እኔ አይደለሁም? የሰዎቹን ስም እያወጣሁ በቁጥር የተካሁት እኔ ነኝ። ያንቺንም ስም ከየገጹ ያጠፋሁት እኔው ነኝ። ገምጋሚዎቹ ማን እንደጻፈው ካወቁ ወይ ያደላሉ፣ ወይ ይጨክናሉ ብለሽኝ ሦስት ጊዜ እያገላበጥኩ ፈተሽኩልሽ። «የተማረ ሰው ሲጠነቀቅ!» ብዬ ስቄብሽም ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ቁጥር ሰባት ነበረች። አልናገርም ስትልሽ «እትዬ፣ ማንም አያውቅሽም፤ እዚህ ላይ ቁጥር ብቻ ነሽ» አልሻት። እሷም «ቁጥር ከሆንኩማ ምን አስፈራኝ» ብላ፣ በሰፈራችን የሊቀመንበር ምርጫ ድምፅ ስትቆጥር ያየችውን አወጣችልሽ፤ ሣጥኑ ሳይከፈት ውጤቱ ተጽፎ እንደጠበቃቸው፣ ፈርሚ ተብላም እንደፈረመች።

ከገምጋሚዎቹ አንዱ ግን «ይህች ሴት ማን ናት? ይህን በምን አወቀች? በቂ መግለጫ የላትም» ብሎ መለሰብሽ። ደወልሽልኝ። «እታለም፣ ስሟን እንዳትጽፊ፤ ሌላውን ጨምሪልኝ» ብለሽ አስጻፍሽኝ፤ ባሏ የሞተባት፣ ከውሃ ታንከሩ ጎን የስፌት ክፍል ያላት፣ በግራ እጇ የምትሰፋ፣ በቆጠራው ዕለት የነበረች። ሚጢ፣ በሰፈራችን ስንት ግራኝ ልብስ ሰፊ አለ? አላሰብኩትም ብልሽ ዋሸሁ። አስቤዋለሁ። ጣቴ እንኳ ለአፍታ ቆሞ ነበር። ግን ድምፅሽ ደስ ብሎት ነበርና ጻፍኩት።

ከዚያ በኮሌጁ ስብሰባ ላይ ስታቀርቢው ቅጂው ለታዳሚው ሁሉ ታደለ። የሊቀመንበሩ የወንድም ልጅም እዚያው ተማሪ ነው። ሳምንት ሳይሞላ የስፌት ክፍሏ ቁልፍ ተቀየረ፤ የስፌት መኪናዋ ከነክሩ ውስጥ ቀረ። እሷ ግን አንቺን መች ጠረጠረች! «አፏን የከፈተችው ምራቴ ናት። ከናንተ ሌላ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ እናንተማ የራሴ ናችሁ» አለችና ከነሻንጣዋ አስወጣቻት። ልጅቷ እያለቀሰች በአጠገቤ አለፈች። እኔም ሻንጣውን ተቀብዬ እስከ መንገዱ ሸኘኋት።

ትናንት የላክሽው የመጽሔቱ ፎርም ደረሰኝ። መረጃ ሰጪዋ ስለ ራሷ የተጻፈውን አንብባ በፈቃዷ ትፈርም፣ ከዓርብ እንዳያልፍ ብለሻል። እንዴት ናት ብለሽ ግን አልጠየቅሽም። ወሰድኩላት።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች።

«የክሊኒኩ ነው፤ ለመድኃኒቱ።»

«መነጽሬን አቀብይኝ።»

«ምን ያደርግልሻል፣ ያው የነሱ ዝባዝንኬ ነው።»

«ታዲያ በየትኛው እጄ ልፈርም? ቀኜ እንደሁ ፊደል አልቆጠረም።»

የማይታዘዘውን ግራ እጇን አነሳሁ። አውራ ጣቷን የማኅተሜ ቀለም ላይ አሳርፌ ወረቀቱ ላይ ጫንኩት። መርፌ የወጋጋው ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ወጣ። ጣቷን ስጠርግላት ቀና ብላ አየችኝ።

«ያቺ ልጃችን፣ ጽሑፏ አለፈላት?»

«አለፈላት።»

«እሰይ! ስሜን አላወጣችም አይደል?»

«አላወጣችም፣ እትዬ።»

«አውቄያለሁ፤ እሷ ሰው አትጎዳም» አለች፣ በተረፈው ግማሽ አፏ እየሳቀች።

ፎርሙ እዚሁ ፖስታ ውስጥ አለልሽ። ቀለሙ እንዳይጨማለቅ በነጭ ወረቀት ጠቅልዬዋለሁ። ላኪው፤ ቋሚም ሁኚ፤ እኔ አልመርቅሽም፣ አልረግምሽምም። መጽሔቱ ሲወጣ ግን አንዱን ይዘሽላት ነይ። አልጋዋ ጫፍ፣ ሊቀመንበሩ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ተቀመጪና ራስሽ አንብቢላት።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ምራቷ ፎቶ ኮፒ ቤቴ መጣች፤ ዓይኗ አብጦ። «እትዬ፣ የኔ ጽሕፈት አይነበብም፤ ለአማቴ ደብዳቤ አንቺ በኮምፒውተር ጻፊልኝ። እናቴ፣ እኔ አልተናገርኩም፤ ማን እንደሆነም አላውቅም፤ ልምጣና ላገላብጥሽ በይልኝ» አለች። አሳምሬ ጻፍኩላት፤ አንድ ፊደል አልሳትኩም። ፈርማ ለኔ ትታው ስትወጣ በሩ ላይ ዞር አለች።

«የምታነቢላት አንቺ ነሽ አይደል? ያንቺን ቃል ታምናለች» አለችኝ።

እህትሽ፣
እታለም